እሸት የማይቀምሱት እንግዶች

ስሜ በላቸው ነው፤ ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በልጅነቴ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው፤ ከዳዊት አላለፍኩም፤ ቃሉ እዚህም እዚያም ቢወላገድ አትፍረዱብኝ። ልጄ እናኑ «እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ ልጻፍልዎ» ብላኝ ነበር፤ እንቢ አልኩ። አምና መስመር ከመስመር ሳልለይ የከረምኩ ሰው ነኝና፣ ዛሬ የብዕሩ ጫፍ የት እንደሚያርፍ ማየቱ ራሱ ደስ ይለኛል። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ፣ በእኔም ዕድሜ ያለ አባትና እናት ቤታችሁ ያለ፣ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ጉንደ ወይን አካባቢ ገበሬ ነበርኩ። ባለቤቴ ስታርፍ መሬቱን ለወንዱ ልጄ ለቅቄ ደብረ ማርቆስ እናኑ ዘንድ ገባሁ። እናኑ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ የቀሚስና የነጠላ ጥልፍ ትጠልፋለች። ባሏ ደሳለኝ ባጃጅ ይነዳል። ጠዋት ሁለቱም ሲወጡ ቤቱ ጭር ይላል። ግቢያቸው ከጥግ እስከ ጥግ ሲሚንቶ ነው፤ አንዲት ፍሬ የምትወድቅበት አፈር የለውም። ዕድሜውን ማሳ ላይ የፈጀ ሰው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ ምን ይሠራል? የሰው ደጅ እያየ ያዛጋል እንጂ።

ደሳለኝ ቀልደኛ ነው። «አባባ፣ እባክዎ ሲሚንቶው ላይ በሬ እንዳይጠምዱ፤ የቤት አከራያችን ክፉ ናት» አለኝ። ቀለደ እንጂ ነገሩ ገብቶታል። የተሰነጠቀ ሳፋ፣ የዘይት ጀሪካን፣ ባዶ የቀለም ባልዲ ከየቦታው እየለቀመ በባጃጁ አመጣልኝ።

በዕቃ መዝራት ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ቀላል ነው። የጀሪካኑን አፍ ሰፋ አድርጋችሁ ትቆርጣላችሁ፤ ቂጡን በጋለ ምስማር ትበሱታላችሁ፤ መውጫ ያጣ ውኃ የባቄላን ሥር ያበሰብሳልና። ከታች ጠጠር፣ ከላይ አፈር ከበሰለ ፍግ ጋር፣ ጥቂት አሸዋ። ባቄላ በገዛ እግሩ ይቆማል። አተር ግን እንደኔ ነው፤ ሰው ካልደገፈው ይተኛል። ቀጫጭን የባሕር ዛፍ እንጨት ተክዬ በሲባጎ አያያዝኩለት። የዕቃ እርሻ ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ ውርጭ ሲመጣ ነው። ብርዱ ሲያስፈራ ማሳዬን ጎትቼ በረንዳ ሥር አስገባዋለሁ። አገር ቤት ሳለሁ ይህን ማድረግ ብችል ኖሮ ስንት ለቅሶ ይቀርልኝ ነበር።

መስከረም የዘራሁት ኅዳር ላይ አበበ። የባቄላን አበባ ታውቁታላችሁ፤ ነጭ ነው፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ጠብታ አለችው፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት የፈጠጠ ዓይን ይመስላል። ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ። አፈጠጠብኝ ያልኩት ግን ያን ኅዳር ነው።

ሕመሙ እንግዲህ የጀመረው ከዚያ አስቀድሞ ነበር፤ ሕመም መሆኑን አላወቅሁም እንጂ። ዓለሙ ሁሉ ጭስ ገባው። የጋቢዬን ጫፍ እያነሣሁ ዓይኔን እጠርጋለሁ፤ ጭሱ ግን አይጠረግም። አምፑሉ ማታ ማታ ዙሪያውን ቀለበት ያወጣል። ነጩ ነገር ብጫ፣ ሰማያዊው አመድ ሆነ። ለማንም አልተናገርኩም። እርጅና ነው፣ ለሁሉም የሚደርስ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ውኃ የማጠጣውም በእጄ አፈሩን እየዳሰስኩ ነበር።

አንድ ቀን ፀሐይዋ ከጎረቤት ቆርቆሮ ጀርባ ስትገባ በረንዳው ላይ ተቀምጫለሁ። ቀና ስል ባቄላው መሐል አንዲት ሴት ቆማለች።

ቁመቷ ከባቄላው አይበልጥም። ነጭ ለብሳለች። ፊቷ ወደኔ ዞሯል፤ እኔን ግን አታይም፤ በእኔ ውስጥ አልፋ ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ የምታይ ትመስላለች። ከሁሉ የገረመኝ ልብሷ ነው። የቀሚሷ ጠርዝ ላይ የተጠለፈው ጥልፍ ክር በክር ይታየኛል፤ እየተጠማዘዘ የሚሄድ የአተር ሐረግ ነው፣ በእያንዳንዱ ጥምዝ መሐል አንዲት ቀይ ነጥብ። የገዛ ጥፍሬን አጥርቼ ማየት የተሳነኝ ሰውዬ የእሷን መርፌ አወራረድ አየሁ!

አማተብኩ። አልጠፋችም። ዳዊት ደገምኩ። አልጠፋችም። ዞር ብዬ ደግሜ ሳይ ግን ባቄላው ብቻ ነው የቆመው።

በማግሥቱ መጣች። ከዚያም ሌሎች አስከትላ መጣች። ጥምጥም የጠመጠሙ ወንዶች፣ ተከናንበው የሚሄዱ ሴቶች፣ ከአተሩ ጀሪካን ወጥተው በሳፋዎቹ ጠርዝ ተሰልፈው ይሄዳሉ። ዳርቻው ላይ ሲደርሱ የት እንደሚገቡ እንጃ። ልብሳቸው ይርገበገባል፤ ነፋስ ግን የለም፤ የአተሩ ቅጠል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ድምፅ የላቸውም። እግራቸው ሲያርፍ ኮሽ አይልም። ሁልጊዜ የሚመጡት ብርሃኑ ሲደክም ነው፤ ወይ ገና ሲነጋ፣ ወይ ሲመሻሽ።

ምን ልበላችሁ፣ በመጀመሪያ የፈራሁትን ያህል አልፈራሁም። ቤት የመጣ እንግዳ ነው፤ ክፉም አልተናገረኝ። ባቄላው እሸት ሲይዝ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። በኛ አገር መንገደኛ ከማሳ እሸት ቆርጦ ቢበላ ሌባ አይባልም። ባለማሳው ራሱ ከሩቅ ሆኖ «እሸት ቅመሱ!» ይላል። እሸት ካለህ መንገደኛውን ዝም ብለህ አታሳልፍም፤ ነውር ነው። ስለዚህ የደረሱትን በጣቴ እየዳሰስኩ ቀጠፍኩና የሳፋው ጠርዝ ላይ ደረደርኩላቸው። «እሸት ቅመሱ» አልኩ።

አልቀመሱም። እየረገጡት፣ ምንም ሳያደቁት አለፉ።

ያን ጊዜ ነው ፍርሃት አጥንቴ ውስጥ የገባው። የተናቅኩ መስሎኝ አልነበረም። እሸት ተሰጥቶት እጁን የማይዘረጋ ሰው በዕድሜዬ አይቼ ስለማላውቅ ነው። ሰው የሆነ፣ ጠግቦም ቢሆን፣ አንዲት ፍሬ ፈልፍሎ አፉ ላይ ጣል ያደርጋል፤ ለባለማሳው ክብር። እነዚህስ? በየማታው አስቀምጣለሁ፤ ጠዋት እንደተደረደረ ጠውልጎ አገኘዋለሁ። እናኑ እንዳታየው ቶሎ ብዬ አነሣዋለሁ።

ለምን ደበቅህ ትሉኝ ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር አየሁ የሚል ሽማግሌ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ቅል ራስ ሆነ ይባላል። አእምሮው ተነካ ይባላል። ቤት ውስጥ ብቻውን አይተዉትም። እናኑ ሥራዋን ትታ እኔን ስትጠብቅ ልትውል ነው፤ መርፌዋን ከጣቷ ላይ ልነጥቃት ነው። ይህን ፈራሁ። ከእነዚያ ትንንሽ ሰዎች ይልቅ ይህን ፈራሁ።

ታዲያ የተደበቀ ነገር መውጫውን አያጣም። አንድ ምሽት እንግዶቹ ከወትሮው በዝተው መጡ። በመሐላቸው አንዲት ረዘም ያለች፣ ነጭ ነጠላ የለበሰች፣ በሩ አጠገብ ቆማ ታየችኝ። ዝም ብላ ታየኛለች። እኔ ደግሞ እሸቱን ይዤ የማይቀምሱትን ስለማመን ነበር። ደክሞኝ ነበር፤ ተናድጄም ነበር።

«አባዬ» አለች።

ተናግረው አያውቁም! አሁን ደግሞ በልጄ ድምፅ!

«የልጄን ድምፅ ከየት አመጣሽው?» አልኩ። «ሂጂ ከዚህ! አንቺ ሰው አይደለሽም!»

የያዘችው ዕቃ ከእጇ አመለጠ፤ ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ተንኳኳ። የሌሎቹ ነገር አይንኳኳም። ያኔ ገባኝ። ከሥራ ቶሎ የገባችው እናኑ ነበረች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤት ገባች። ቆሜ ቀረሁ። በዚያ ምሽት ከግድግዳው ወዲያ ስታለቅስ ሰማሁ፤ እኔም እንቅልፍ አልነካኝም።

በማግሥቱ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ምን ያምዎታል ሲሉኝ «ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ የለኝም» ብቻ አልኩ። አግዳሚው ላይ ረጅም ጊዜ ተቀመጥን። ከጎኔ አንዲት እናት ልጇን እያባበለች «ይኸው አያ አሉልህ፣ አያን እያቸው» ትለዋለች። ወዲያ ዞርኩ፤ ሕፃኑ እውነተኛ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አልነበርኩማ! እጁን ዘርግቶ ጢሜን ሲጎትተኝ ጊዜ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጢም የሚጎትት ሰው ነው። ደሜን ወስደው ታይፎይድ ነው አሉኝ። እንክብሉን ጨረስኩ። ለውጥ የለም። ሌላ ክሊኒክ ሄድን፤ እዚያ ጭንቀትና እርጅና ነው አሉና የእንቅልፍ መድኃኒት ሰጡኝ። በእሱማ ባሰብኝ። ቀን በቀን እየፈዘዝኩ ቁጭ ስል፣ ቀትር ላይ እንኳ ይመጡ ጀመር።

ሐኪሞቹን አልወቅሳቸውም። ዓይንዎ እንዴት ነው ብለው የጠየቁኝ ነበሩ። «ደህና ነው» አልኩ። የጥልፍ ክር የሚቆጥር ዓይን ታመመ ይባላል እንዴ? እንደዚያ ነበር የማስበው። ትልቁ ስሕተቴ ይህ ነው፤ ልብ በሉት።

ለንስሐ አባቴ ግን ሁሉንም ነገርኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። «ጸበል እንግባ» አሉ። ገባን። ውኃው በረዶ ነው፤ ሰዉ ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከራስ እስከ እግሩ ረጥቧል። ቀና ስል ከሰዉ መሐል ቆመዋል። ያቺ ሴትም አለች። ውኃው በእነሱ ላይ ይወርዳል፤ ልብሳቸው ግን ደረቅ ነው። እኛ ሁላችን ረጥበን እነሱ ብቻ ደረቅ። ዛሬም ይህን ሳስብ ጀርባዬን ይቀዘቅዘኛል።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «እንግዲህ የረከሰ መንፈስ ቢሆን እዚህ እንዲህ ቀጥ ብሎ ባልቆመ» አሉ። «በላቸው፣ ጸበሉን አትተው፤ ሐኪምም አትተው። እግዚአብሔር ሁለቱንም የሰጠን ያለ ምክንያት አይደለም።»

ቤት ውስጥ ግን ነገር ከርሮ ጠበቀኝ። ጸበል መግባቴን የሰሙ ጎረቤቶች ለደሳለኝ «ደጃፍ ላይ በዕቃ ባቄላ የሚዘራ ማን ነው? ክፉ መንፈስ የጠራባቸው ያ ነው» ብለውታል። እናኑና ባሏ ጓዳ ሆነው ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ቅዳሜ ሁሉንም አንሥቼ እጥለዋለሁ» አለ እሱ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይድናሉ።»

«ባይድኑስ? እኔ ሥራዬን እተዋለሁ፤ ብቻቸውን አልተዋቸውም።»

«አንቺ ሥራ ትተሽ ምን ልንበላ ነው? የባጃጅ ጎማ ልንበላ ነው?»

ሳቅ አልነበረበትም። ደሳለኝ ቀልዶ ሳይስቅ ሲቀር ነገሩ እንደከበደ ይታወቃል።

ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያውን ሳፋ ሊያነሣ ሲያጎነብስ እጁን ያዝኩት። «ልጄ፣ የቀረው እሸት እስኪደርስ ታገሠኝ። አንተ ደግሞ የገበሬ ልጅ ነህ፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ ባቄላ ይነቀላል?» እያልኩ ጫፉን በእጄ አሻሸሁት።

ደሳለኝ ቀና ብሎ አየኝ። «አባባ፣ የቱ ነው ንጹሑ?»

«ይኸው።»

«እጅዎን ይመልከቱ እስቲ።»

አየሁ። ጭስ ነው የማየው።

እናኑ ወጥታ እጄን ያዘችው። «አባዬ፣ ጫፉ በሙሉ ክሽክሽ ወርሮታል። እጅዎ ጥቁር በጥቁር ሆኗል። አይታይዎትም እንዴ?»

ክሽክሽ ማለት ቅማል የመሰለ ጥቁር ተባይ ነው፤ የባቄላን ለጋ ጫፍ ይመጥጣል። በዘመኔ ከማሳው ዳር ሆኜ፣ ሳልጠጋ፣ ከቅጠሉ አጎነባበስ ብቻ የማውቀው ነገር ነው። አሁን እየዳበስኩት፣ በጣቴ እየደፈጠጥኩት፣ ንጹሕ ነው እላለሁ!

ደሳለኝ ሳፋውን ለቀቀ። ፈንጠር ብሎ ቆመና እጁን አነሣ። «አባባ፣ ጣቴ ስንት ነው?»

«አትቀልድብኝ።»

«እየቀለድኩ አይደለም። ስንት ነው?»

ጣቱ ይቅርና ክንዱን አላየሁትም። አዲስ ቆርቆሮ ላይ ጠብ እንዳለ ዝናብ አንድ ነገር ልቤ ላይ ጠብ አለ። «እናኑ፣» አልኩ፣ «የታመመው ምናልባት ዓይኔ ይሆን?»

ወደ ሆስፒታሉ የዓይን ክፍል ሄድን። ወረፋው ረጅም ነው። አንድ ዓይናቸውን የሸፈኑ፣ ሁለቱንም የሸፈኑ፣ በልጅ ትከሻ የሚመሩ ሽማግሎች ከጎኔ ተደርድረዋል። አንዱ ከሉማሜ የመጡ ሽማግሌ «እኔ ሚስቴን በድምፅዋ ነው የማውቃት፤ ዝም ስትል ሌላ ሴት ትመስለኛለች» እያሉ ያሥቁናል። ብርሃኑ ደካማ ስለነበረ የኔዎቹም መጥተው ግድግዳውን ተጠግተው ቆመዋል። ያቺም ከነጥልፏ። ወረፋ የሚጠብቁ ይመስላሉ። የእናኑን ክንድ አጥብቄ ያዝኩ፤ ክንዷ ሙቅ ነው።

ዶክተሯ ወጣት ናት። በትንሽ መብራት ዓይኔን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገች አየችው። «አባቴ፣ ሁለቱም ዓይንዎ ላይ ሞራ ጋርዶበታል። ከረመ እኮ! እንዴት ዝም አሉ?» አለችኝ። ሞራ ማለት የዓይን ብሌን ውስጥ ያለው መስታወት ሲደፈርስ ነው፤ ልክ አሮጌ የመብራት ብርጭቆ ጥላሸት ሲይዝ። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አይፈሩ። የሌለ ነገር ይታይዎታል? ሰው፣ እንስሳ፣ አበባ?» አለችኝ።

እናኑ አጠገቤ ናት። አንዲት ቃል ብናገር ሁሉም ነገር አለቀ ብዬ ነው ለወራት የኖርኩት።

«ትንንሽ ሰዎች» አልኩ። «ነጭ የለበሱ።»

«ያናግሩዎታል?»

«አያውቁም።»

«ልብሳቸው ከሌላው ነገር ሁሉ አጥርቶ ይታይዎታል አይደል?»

«አንቺም ታዪያቸዋለሽ?»

ዶክተሯ ሳቀች፤ በደግ ሳቅ። «እኔ አላያቸውም። ግን እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም። ዓይን ሲጨልም አእምሮ ሥዕል ይርበዋል። ሲርበው ከራሱ ጎተራ እያወጣ ይሥላል። አእምሮዎ ደህና ነው አባቴ። የተራበ ነው እንጂ የታመመ አይደለም። ሰዉ ግን አበደ እንዳይሉኝ እያለ ይደብቃል፤ ብቻውን ይፈራል።»

እናኑ ድምፅ ሳታሰማ ስታለቅስ ኖሯል። «ያን ቀን … ሰው አይደለሽም ያሉኝ … ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው ልጄ። አንቺን መስላ የመጣች መስላኝ ነው።»

እያለቀሰች ሳቀች። «እኔ እኮ የናቁኝ መስሎኝ ነበር፤ ያለ እናት የቀረሁ ልጅዎን!»

ቀኙ ዓይኔ መጀመሪያ ተሠራ። አትፍሩት፤ አያምም ለማለት ነው የምነግራችሁ። ዓይኑን በመርፌ ያደነዝዙታል፣ አንተ ግን ነቅተህ ትሰማለህ። ነርሷ ከራስጌዬ ሆና «አባባ፣ ምን ይዘራሉ?» እያለች ታጫውተኛለች፤ እኔም ስለ አተር ስነግራት አለቀ። በማግሥቱ ፋሻውን ሲፈቱልኝ መጀመሪያ ያየሁት የገዛ እጄን ነው። እንዴት አርጅቷል! ጥፍሬ ሥር ያለው አፈር እንኳ ታየኝ። ቀጥሎ የእናኑን ፊት አየሁ። እናቷን መስላለች፤ መቼ እንደመሰለቻት አላየሁም ነበር።

እንግዶቹ ወዲያው አልጠፉም። ጥቂት ሰሞን ብርሃን ሲደክም በሩቁ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ይታዩኝ ነበር። ከዚያ አንድ ምሽት ቀሩ። ምን ልበላችሁ፣ ደጁ ጭር ሲል ትንሽ ከፋኝ። እናኑ ጥልፏን ይዛ አጠገቤ ስትቀመጥ «እስቲ ስለነሱ ይንገሩኝ» ትለኛለች፤ አትፈራም። ስለ ያቺ ሴት ልብስ ስነግራት መርፌዋን አቆመች። «ሐረጉ ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ የሚጠማዘዘው? ቀዩ ነጥብ መሐል ላይ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በከሰል ወለሉ ላይ ሣልኩላት። «እንዲህ ያለ ጥልፍ አይቼ አላውቅም» አለች። እኔም ከእናቷም ሆነ ከማንም ልብስ ላይ አላስታውሰውም። ከየትኛው ጎተራዬ እንደወጣ ዶክተሯም አትነግረኝም።

ክሽክሽ የበላውን ነቅዬ በየካቲት እንደገና ዘራሁ። ደሳለኝ ራሱ አፈሩን ሞላልኝ። በየጠዋቱ ጫፍ ጫፉን ገልብጬ አያለሁ፤ ተባይ ካለ በሳሙና ውኃ አጥበዋለሁ። ዓይናችሁ ሲደክም አትደብቁ። አባታችሁ አፈሩን እየዳሰሰ ውኃ ሲያጠጣ ካያችሁ ጠይቁት። የሌለ ነገር አየሁ ቢላችሁ ደግሞ አትደንግጡበት፤ አስቀድማችሁ ዓይኑን አሳዩለት። ለመምከር የማውቀው ይህን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የግንቦት ልደታ ዕለት ነው። የሰፈሩ ሴቶች ከደጅ ተሰብስበው ንፍሮ ሲቀምሱ ውለዋል፤ እኔ በረንዳዬ ላይ ነኝ። ባቄላው እሸት ይዟል። ግራው ዓይኔ ገና አልተሠራም። ፀሐይዋ ከጎረቤት ቆርቆሮ ጀርባ ገባች። ቀና ስል ባቄላው አጠገብ ነጭ የለበሰች ሴት ቆማለች።

የቀሚሷ ጠርዝ ላይ የሚጠማዘዝ የአተር ሐረግ አለ። በእያንዳንዱ ጥምዝ መሐል ቀይ ነጥብ።

ያልተሠራው ዓይኔ ነው የሚያሳየኝ ብዬ ግራውን በመዳፌ ከደንኩት። አልጠፋችም። ይበልጥ ጠራች። ክር በክር ያው ነው፣ ያው ራሱ። አሁንማ ዓይኔ ድኗል፤ ታዲያ ይህች ከየት መጣች? ቁመቷ ደግሞ አድጓል፤ የሰው ቁመት ሆኗል። ዝም ብላ ቆማለች። እኔም ትንፋሼን ይዣለሁ።

ሴትየዋ እጇን ዘረጋች። አንድ እሸት ቀጠፈች። ሰበረችው፤ ቀጭ አለ። ግቢው ሙሉ ተሰማ። ፍሬዋን ፈልፍላ አፏ ውስጥ ጣለች።

«አባዬ፣» አለች እያኘከች፣ «አማረብኝ? ለልደታ ብዬ ነው የጠለፍኩት፤ ወለሉ ላይ የሣሉልኝን አይቼ። ምነው ዝም አሉ? ዛሬ እሸት ቅመሱ አይሉም እንዴ?»

መዳፌን ከዓይኔ ላይ አወረድኩ።

«ቅመሺ ልጄ» አልኳት። «አንቺ ሰው ነሽ፤ ቅመሺ።»